የግራ ክንዱ

«ይውረዱና እንደገና ይውጡ» አለች ሲስተር ቲላጋ።

ሮስሊ ከሚዛኑ ወርዶ ጫማውን አወለቀና ተመልሶ ወጣ። ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም፤ ስልሳ አራት ኪሎ ተኩል። ረቡዕ ዕለት ከኩላሊት እጥበት ሲወጣ ስልሳ አንድ ነበር። ኩላሊቱ ሥራ ካቆመ ሦስት ዓመት የሆነው ሰው በሁለት ቀን ይህን ያህል የሚጨምረው ወፍሮ አይደለም፤ ውሃ ነው።

ሲስተሯ ወደ ሚስቱ ዞረችና እንደ ታላቅ እህት «ካክ» ብላ ጠራቻት። «ካክ ሀስማህ፣ ምንድነው የሚያጠጧቸው?»

ሀስማህ ፊቷ ጋለ። የባሏን ውሃ የምትለካው እሷ ናት። በየጠዋቱ በኮኮናት ወተት የቀቀለችውን ሩዝ ጠቅልላ ለሽያጭ ከመውጣቷ በፊት አንዲት የግማሽ ሊትር ጠርሙስ ሞልታ ታስቀምጥለታለች፤ የቀን ድርሻው ያቺ ናት። ማታ ስታያት ሁልጊዜ ጥቂት ተርፎባት ትገኛለች። እንግዲህ ቤት ካልጠጣ፣ ውጭ የሚያጠጣው ሰው አለ ማለት ነው። ይህን ማሰብ ስትጀምር የቀረው ሁሉ ተከታትሎ መጣላት። ከአስር ሶላት በኋላ ሞተሩን አስነስቶ መውጣት ካመጣ ወር አልፎታል። ሽቶም ይቀባል። የት ነው ስትለው «ነፋስ ልቀበል» ይላታል። ነፋስ ለመቀበል ሽቶ የሚቀባ ሰው ደግሞ አይታ አታውቅም።

በማግስቱ ከአስር ሶላት በኋላ የሩዙን ድስት ሳታጥብ ወጣች። ከደንበኞቿ አንዷ ከጀልባ መሳፈሪያው አጠገብ የሮስሊን ሞተር ብስክሌት ደጋግማ እንዳየችው ነግራት ነበር። እዚያ ያለው አንድ ቡና ቤት ብቻ ነው፤ እሱም የኖራይኒ ነው። ኖራይኒ ባሏ የሞተባት፣ ሳቋ ወንዝ ማዶ የሚሰማ ሴት ናት። ሀስማህ በመንገዱ ሁሉ የምትናገረውን እየደረደረች ሄደች።

ሮስሊ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጦ ነበር። ከፊቱ ትልቅ ብርጭቆ ቡና አለ።

«ነፋሱ ይሄ ነው?» አለችው።

ሮስሊ ብርጭቆውን በእጁ ሸፈነ። ኖራይኒ ግን አልደነገጠችም፤ እንዲያውም ወንበር ሳበችላት።

«ነይ ተቀመጪ እንጂ እህቴ። ባልሽ እኮ ዋና ደንበኛዬ ነው፤ በቀን ሁለት ብርጭቆ።»

«የምን ሁለት ብርጭቆ?»

ኖራይኒ ከመደርደሪያው አንድ የቡና እሽግ አውርዳ ሰጠቻት። እሽጉ ላይ ደረቱን የነፋ ሰውዬና ነብር ተስለዋል፤ ከሥራቸው «ለወንዶች ብቻ» ይላል። ሀስማህ ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«አላወቅሽም እንዴ?» አለች ኖራይኒ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «እኔ ደግሞ አንቺ የላክሽው መስሎኝ። ጥቅሙ ላንቺ አይደል?»

የሀስማህ ጥርጣሬ ይብሱን ባሰ። ለእሷማ ሊሆን አይችልም፤ ወደ ከተማ በሄደችው ልጃቸው ክፍል መተኛት ከጀመረች ዓመት ሆኗታል። ታዲያ ለማን ነው? ባሏን እጅጌውን ይዛ ወደ ወንዙ ዳር ወሰደችውና ይህንኑ ጠየቀችው።

ሮስሊ ፊቱን ወደ ውሃው አዞረ።

«ለማን ይሆናል? ከአንቺ ሌላ ማንን አውቃለሁ?»

«እኔማ የምተኛው ሌላ ክፍል ነው።»

«እሱን እኮ ነው የምልሽ። ወንድነቴ እንደከዳኝ ስታይ ምንም ሳትይ ትራስሽን ይዘሽ ወጣሽ። እሱ ቢመለስልኝ አንቺም ትመለሻለሽ ብዬ ነው። ቡናው ደግሞ ምንም አልሠራልኝም፤ ልቤን ብቻ ነው የሚያስደልቀው።»

ሀስማህ አዘነችለት፤ ተናደደችበትም። የእጥበቱ መርፌ የሚገባው በግራ ክንዱ ነው። ደም ሥሩ በቀዶ ጥገና የተሠራ ስለሆነ ምንም እንዳይጫነው ተብለዋል። እሷ ደግሞ ከተጋቡ ጀምሮ የምትተኛው በግራው በኩል ነው። አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ስትነቃ ራሷን ክንዱ ላይ አገኘችው። ያ ደም ሥር ቢዘጋ ምን ይውጠናል ብላ ፈራችና ክፍል ቀየረች። መናገር አላስፈለጋትም፤ የሚገባው መስሏት ነበር።

«አባንግ» አለችው፣ ባሏን ሁልጊዜ በምትጠራበት የአክብሮት ቃል። «እኔ የሸሸሁት ክንድህን እንጂ አንተን መቼ ሆነ?»

አሁን ደግሞ ተጠራጣሪው እሱ ሆነ። «ልታጽናኚኝ ብለሽ ነው» አላትና ሞተሩን ሊያስነሳ ሄደ።

ሰኞ ዕለት ሮስሊ እንዳትናገር እየለመናት፣ ሀስማህ እሽጉን የእጥበቱ ሐኪም የዶክተር ሊም ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። ሽማግሌው ዶክተር አልሳቀም። ከሚያክማቸው የእጥበት ወንዶች ከግማሽ በላይ ይህ ችግር እንዳለባቸው፣ የሚናገረው ግን በጣት የሚቆጠር እንደሆነ ነገራቸው። ከዚያ ዶክተሩ፣ ሮስሊ ደረቱን ሲያመው ምላሱ ሥር ስለሚያደርጋት ክኒን ጠየቀና ፊቱ ጠቆረ። እንዲህ ባለ እሽግ ውስጥ አንዳንድ ጊዜ ያልተጻፈ መድኃኒት ይቀላቀላል፤ ከዚያች ክኒን ጋር ከተገናኘ የደም ግፊቱን በአንዴ ጥሎ ሊገድል ይችላል አለ። እሽጉን መሳቢያው ውስጥ ቆለፈበት።

«ኩላሊት ሲደክም ይሄም አብሮ ይደክማል» አለው ሮስሊን። «የእርስዎ ጥፋት አይደለም፤ የባለቤትዎም አይደለም።»

የደም ማነሱን እንደሚያይ፣ የግፊት መድኃኒቱን እንደሚቀይር፣ ለልቡ የማያሰጋ ክኒን ይኖር እንደሆነም የልብ ሐኪሙን እንደሚጠይቅ ነገራቸው። ቃል ግን አልገባላቸውም።

በአውቶቡስ ሲመለሱ ሮስሊ አንድ ነገር ብቻ ጠየቃት። «እውነት ለክንዴ ብለሽ ነበር?»

ሀስማህ አንዴ የተጠራጠረ ሰው በቃል እንደማይመለስ ሰሞኑን በራሷ አይታዋለች። ቤት እንደገቡ ቦርሳዋን እንኳን ሳታስቀምጥ ከልጃቸው ክፍል ትራሷን አመጣችና አልጋው ላይ በቀኝ በኩል፣ በግድግዳው ጥግ አኖረችው።

ሮስሊ በሩ ላይ ቆሞ አያት። «በማለዳ ሩዝ ልትጥጂ ስትነሺ በላዬ ልትራመጂ ነው?»

ሀስማህ ግድግዳውን አየች፤ አልጋውን አየች። ከዚያ ጎንበስ ብላ የአልጋውን ግርጌ ያዘች።

«ና እንጎትተው» አለችው። «በቀኝህ ያዝ።»