ፍሪጅ ውስጥ ያስቀመጥኩት ዓሣ

ዓሣ ነጋዴ አላምንም። ስለዚህ በሁዳዴ መሐል እህቴ ትህትና፣ ያውም የስምንት ወር እርጉዝ ሆና፣ የዓሣ ዱለት ካልበላሁ ስትል መካነ ሰላም ገበያ የወጣሁት እኔ ነኝ። ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለውን ክርክር ለካህናቱ ትቼዋለሁ፤ የንስሐ አባቷ ፈቅደውላታል። ዱለት ግን እሳት የሚያየው ለአፍታ ነው። ዓሣው ከተበላሸ ለእሷም በሆዷ ላለውም አይበጅም። ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ አንብቤ ነው ያወቅሁት።

ነጋዴው አሕመድኑር ከዓባይ በረሃ ያስመጣውን ቀረሶ ዓሣ ከበረዶ ውስጥ አወጣልኝ። ጆሮውን ገልጬ የሚተነፍስበትን ስንጥቡን አየሁ፤ ደም የመሰለ ቀይ ነው። ገላውን በአውራ ጣቴ ተጫንኩት፤ ተመልሶ ሞላ። አሸተትኩት።

«ልታገቢው ነው እንዴ?» አለ።

«ካንተ ይሻላል፤ እሱ አይዋሽም።»

«ወላሂ የትምወርቅ፣ ከምላስሽ ያውጣኝ። ይልቅ ቶሎ ፍሪጅ አስገቢው።»

አስገባሁት። እህቴ የምትኖረው ከአማቷ ከእትዬ የዓለምዘርፍ ጋር ነው፤ ፍሪጁም የሳቸው ነው። ላይኛው መደርደሪያ ላይ የትህትና የመጀመሪያ ልጅ የምትጠጣው ወተት በጆግ ተቀምጧል። ዓሣውን በፌስታል ጠቅልዬ ከታች አስቀመጥኩት።

«እትዬ፣ ከቅዳሴ መልስ እኔ እሠራዋለሁ። እስከዚያ እንዳይወጣ» አልኳቸው።

«እሺ የኔ ሐኪም» አሉኝ። አነጋገራቸውን አልወደድኩትም።

ቅዳሴው ዘጠኝ ሰዓት አልፎ አለቀ። ስመለስ ትህትና ገና ምንም ያልገባበት ሰሃን ይዛ ትጠብቀኛለች። ፍሪጁን ከፈትኩ። ፌስታሉ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ነው። ነካሁት፤ ለብ ብሏል። አጠገቡ ያለው የውሃ ጠርሙስ ግን ቀዝቃዛ ነው፤ መብራት ጠፍቶ ነው እንዳልል። ስንጥቡ ጠቁሯል፣ ዓይኑ ደፍርሷል። የወተቱ ጆግ የለም። እትዬ ሽንኩርት ይከትፋሉ፤ ቀና አይሉም።

«እትዬ፣ ዓሣው ወጥቶ ነበር?»

«አንቺ ደግሞ የማትጠረጥሪው የለም።»

«ወተቱስ የት ሄደ?»

ቢላዋቸው ቆመ። «ልጅቱ ጠጥታ ጨረሰችው። ሲያልቅ ነው ዓሣውን የመለስኩት። የጾም ነገር ከወተት ጋር እንዴት አንድ ላይ ይቀመጣል? መስኮቱ ላይ ነው የነበረ፣ ንፋስ እያገኘው።»

ያ መስኮት ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚያርፍበት ነው።

«በደንብ ቢጠበስስ?» አለች ትህትና። ዓይኗ ፌስታሉ ላይ ነው።

«አንዴ ከተበላሸ መርዙን እሳት አያወጣውም።»

«እንግዲህ ጀመረች» አሉ እትዬ። «ስንቱን በልተን ነው እዚህ የደረስን።»

ከሳቸው ጋር ስለ ጀርም መከራከር አልፈለግኩም። «እሺ እትዬ፣ ሁለቱ አብረው እንዳይሆኑ ከሆነ፣ ዓሣውን ትተው ወተቱን ለምን አላወጡትም?»

«ወተቱ ይበላሻላ» አሉ።

ትህትና ሰሃኗን ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠች። እትዬ የተናገሩትን ራሳቸው የሰሙት ዘግይተው ነው መሰለኝ፤ ፊታቸው ተለዋወጠ። ፌስታሉን ከእጄ ወሰዱና ወደ ጓሮ ወጡ። የቆሻሻው ጉድጓድ ክዳን ሲከደን ሰማን።

ተመልሰው እጃቸውን በሳሙና እያሹ፣ «ሽሮ ጣጂ፤ ምን ታዪኛለሽ?» አሉኝ።

ጣድኩ። ትህትና አኩርፋ በላች። እኔን ይሁን እሳቸውን ያኮረፈችው አልጠየቅኳትም፤ ሰሃኑን ግን ጠርጋ ጨርሳዋለች።