ዘበኛውን ያስተኛች ክኒን

1.

ማሳከክ።

2.

ሾፌር አስናቀ አውቶቡሱን ከላምበረት መናኸሪያ ሲያስነሳ የሚያሳክከው ግራ ክንዱን ብቻ ነበር። ሰንዳፋን ሲያልፍ አንገቱ ተጨመረ። ደብረ ብርሃን ሲገባ ጀርባው፣ ሆዱ፣ የጆሮው ጫፍ ሳይቀር። ቆዳው ንብ እንደነደፈው ቀልቶ ተቋጥሯል። በአንድ እጁ መሪ ይዞ በሌላው ይፎክታል።

ልጃቸውን ሊጠይቁ ወደ ኮምቦልቻ የሚሄዱት እትዬ ዘነቡ ከኋላው ካለው ወንበር ሆነው ሲያዩት ቆዩ።

«ወንድሜ፣ ምን በላህ?»

«እንጃ እትዬ።»

«እንጃ አያሳክክም።»

3. መድኃኒት ቤት ውስጥ የተባለው

ተሳፋሪው ለቁርስ ሲወርድ አስናቀ አስፋልቱን ተሻግሮ መድኃኒት ቤት ገባ። ፋርማሲስቷ ደረቷ ላይ «ሕሊና» የሚል ባጅ አድርጋለች።

ሕሊና፦ ትንፋሽ ያጥርዎታል? ከንፈርዎ፣ ምላስዎ አብጧል?

አስናቀ፦ የለም፣ ማሳከኩ ብቻ ነው። ላብድ ነው እኮ!

ሕሊና፦ ሂስታሚን ነው።

አስናቀ፦ ምንድን ነው እሱ? ተባይ ነው?

ሕሊና፦ ኧረ የራስዎ ነው። ሰውነትዎ «ጠላት መጣ» ሲል የሚረጨው ንጥረ ነገር ነው። ቆዳ ላይ ሲረጭ የደም ሥሩን ያሰፋል፤ ያቀላል፣ ያሳብጣል፣ ያሳክካል። ጨጓራ ውስጥ አሲድ እንዲመነጭ ያደርጋል። አንጎል ውስጥ ደግሞ ነቅተው እንዲቆዩ ያደርጋል።

አስናቀ፦ ታዲያ ደግ ነው ክፉ?

ሕሊና፦ ዘበኛ ነው። አንዳንዴ በረባ ባልረባው ይጮኻል። ይቺ ቢጫ ክኒን ዝም ታሰኘዋለች። ግን የቆዳውን ብቻ አይደለም፣ የአንጎሉንም ታስተኛዋለች። ይቺን ወስዶ መኪና መንዳት አይሆንም። የማታስተኛውን ዓይነት ጨርሰናል፤ የሚነዱ ከሆነ ሌላ ቦታ ይፈልጉ። ሥራዎ ምንድን ነው?

(ከውጭ ክላክስ ይሰማል። ረዳቱ ይርዳው ነው፤ ተሳፋሪው ተመልሶ ተሳፍሯል።)

አስናቀ፦ ነጋዴ ነኝ።

4. ለአንተ፣ ለአንባቢው

ፍርድህን ትንሽ አቆየው። ቆዳህ እሳት ሆኗል። ጥፍርህ ሥር የገዛ ደምህ ደርቋል። አውቶቡስ ሙሉ ሰው አንተን እየጠበቀ ያጉረመርማል። ክኒኗ ከምስር ፍሬ አትበልጥም። ውሃውም ቀርቦልሃል።

ዋጣት።

5.

ማሳከኩ ሳይሰናበት እንደሚሄድ እንግዳ ሹልክ ብሎ ወጣ። አስናቀ ሁለቱንም እጆቹን መሪው ላይ አሳርፎ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። ከዚያ አዛጋ።

«ተሻለህ?» አሉት እትዬ ዘነቡ።

«ተመስገን፣ ተሻለኝ።»

«ዓይንህ ግን ከበደ።»

«ጉሙ ነው፣ እትዬ።»

ጉም ገና አልነበረም።

6.

ጉሙ የመጣው ጣርማበር ላይ ነው። ዋሻውን ሲወጡ ነጭ ሆኖ ጠበቃቸው። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ቁልቁል እየተጠማዘዘ ይወርዳል፤ በአንድ በኩል ተራራ ነው፣ በሌላው ምንም።

አስናቀ መስኮቱን ከፈተ። ፊቱን በጥፊ መታ። ክንዱን፣ ያን የፎከተውን ቦታ፣ ቆነጠጠው። አላመመውም። ለስላሳ ነገር ከራስ ቅሉ ውስጥ ቀስ እያለ ይፈስበታል።

ማሳከኩ ናፈቀው።

7.

8.

ሰባት ባዶ የሆነው ተራኪው ስለረሳው አይደለም። አስናቀ ራሱ አያውቀውም። እሱ የሚያውቀው፣ መጀመሪያ ጉም እንደነበረ፣ ቀጥሎ የእትዬ ዘነቡ ጩኸት እንደመጣ ነው።

«ሾፌር! በማርያም!»

የፊት ጎማው ከአስፋልቱ ወጥቶ ጠጠር ይፈጫል። መሪውን ወደ ተራራው አጥፎ ፍሬን ያዘ። ሞተሩን ሲያጠፋ አንድ ሕፃን ብቻ ያለቅስ ነበር።

9. እውነት

ቁልፉን ነቅሎ ቆመ፣ ወደ ተሳፋሪው ዞረ።

«ወገኖቼ፣ የሚያስተኛ ክኒን ወስጃለሁ። አሁን ተኝቼ ነበር። ከዚህ ወዲያ ልነዳችሁ አልችልም።»

ሁሉም ባንድ ጊዜ ጮኹ።

«እኔ እኮ የአባቴ ቀብር ላይ ልደርስ ነው!» አለ ጥቁር የለበሰ ሰው።

«ጋሼ፣» አለ ይርዳው ጠጋ ብሎ፣ «እኔ ላውርደው። ደብረ ሲና ድረስ ብቻ።»

«አንተ ያለህ የባጃጅ መንጃ ፈቃድ ነው።»

«ግቢ ውስጥ ስንቴ አዙሬዋለሁ!»

«ግቢና ጣርማበር አንድ ነው?»

አስናቀ ቢሮ ደወለ፤ ሌላ ሾፌር ከደብረ ብርሃን እንልካለን አሉት። ቁልፉን ደረት ኪሱ ከቶ ቆለፈበትና ወርዶ ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እትዬ ዘነቡ ተከትለውት ወርደው ጋቢያቸውን ደረቡለት።

«ያውሩኝ እትዬ። እንቅልፍ እንዳይጥለኝ።»

ስለ ልጃቸው ምጥ ጀመሩለት። አዋላጇ ምን እንዳለች፣ ዝናቡ እንዴት እንደጣለ። ድምፃቸው እየራቀ፣ እየራቀ ሄደ።

10.

ብርድ ቀሰቀሰው። እጁ ወደ ኪሱ ሄደ።

ባዶ።

ቀና አለ። አውቶቡሱ የነበረበት ቦታ ላይ ጉም ብቻ ቆሟል።

«ሦስት ሆነው መጡ» አሉ እትዬ ዘነቡ። ነጠላቸው ጭቃ ነክቷል። «እጃቸውን ብይዝ ገፈተሩኝ። ጮኽኩ። አልነቃህም፣ ወንድሜ። በጥፊ ሁሉ መታሁህ።»

«ይርዳው ነው የያዘው?»

«እሱ ነው። በየመታጠፊያው ክላክስ እያደረግሁ ነው የምወርደው፣ አትስጉ ብሏል።»

አስናቀ እየተንገዳገደ ገደሉ ጫፍ ድረስ ሄደ። የሚታይ ነገር የለም። ከበታቹ የሞተሩ ድምፅ ያቃስታል።

ክላክስ።

የመጀመሪያውን መታጠፊያ አለፈ ማለት ነው።

ሞተሩ ራቀ። ቆይቶ፣ በጣም ዝቅ ብሎ፣ አንዴ ደግሞ ተሰማ።

ክላክስ።

ቀጣዩ ትልቁ ነው። እዚያ ማርሽ የሚወርደው ከመታጠፊያው በፊት ነው፤ ከገቡ በኋላ ፍሬን ብቻውን አይዝም። ይህን ለይርዳው ነግሮት አያውቅም።

«ማርሽ አውርድ!» ብሎ ወደ ጉሙ ጮኸ። «ሳትገባ አውርድ!»

እትዬ ዘነቡ እጁን ያዙት። ሁለቱም ሦስተኛውን ክላክስ ለመስማት ጆሯቸውን ወደ ታች ሰጡ።