ላፕቶፑና እኔ የተቆለፈብን ቀን

ከምነግራችሁ ላይ አንዲት ቃል ከጨመርኩ ምላሴ ይቆረጥ። ሌላው ሰው ሲያወራ ያጋንናል፤ እኔ ግን እንዳይበዛባችሁ ቀንሼ ነው የማወራው።

የእህቴ ልጅ እኛ ዘንድ ሆና ነው ዩኒቨርሲቲ የምትማረው። ከሰዓት በኋላ የመመረቂያ ጥናቷን መምህራኖቿ ፊት ልታቀርብ፣ ጠዋት ላፕቶፗ ድርቅ አለ። ጥናቱ ያለው እዚያው ውስጥ ነው፤ ሌላ ቦታ አላስቀመጠችውም። ቻርጀሩን ብትሰካ ብትነቅል፣ መልስ የለም።

«አጎቴ፣ የሞተ ኮምፒውተር አስነሳለሁ ትል የለ?» አለችኝ።

«ትንፋሼ ከነካው ይበቃዋል» አልኳት። እኔ ጠላቴ አፌ ነው።

እጄን ይዛ መኝታ ቤቷ አስገባችኝ፤ ላፕቶፑን አስታቀፈችኝና በሩን ከውጭ ቆለፈችው።

«ሳይበራ አትወጣም። ዛሬ ካላቀረብኩ ዓመቱን መድገሜ ነው።»

ክፍሏን ብታዩት የክብሪት ቀፎ ይሰፋል። አልጋው ግድግዳውን ነክቶ፣ ቁም ሳጥኑ አልጋውን ነክቶ፣ መስኮቱ በብረት ፍርግርግ ታጥሮ። ጭንቅላቴን በፍርግርጉ መሃል ሞከርኩት፤ ጆሮዬ ከለከለኝ። ላቤ ወለሉ ላይ ኩሬ ሠራ፤ ነጠላ ጫማዋ ሲንሳፈፍ በዓይኔ አይቻለሁ። በበሩ ሥር የእግሯ ጥላ ወዲያ ወዲህ ይላል።

«አጎቴ፣ ከምን ደረሰ?»

«ቀዶ ጥገና ላይ ነኝ፤ አታናግሪኝ።»

ቀዶ ጥገናው አቧራ መጥረግ ነበር። ቻርጀሩን ሌላ ሶኬት ላይ ሰካሁት፤ ምንም። ገመዱን አሸሁት፤ ምንም። አየሩም አለቀብኝ። ግድግዳውን በጥፍሬ ልቦረቡር ስል ነው ሐሳቡ የመጣልኝ፤ እኔ እዚህ እንደታፈንኩ ሁሉ፣ ማሽኑንም ውስጡ የቀረ ኤሌክትሪክ አፍኖት ቢሆንስ?

ቻርጀሩን ነቀልኩ። ገልብጬ ባትሪውን ከጀርባው አወጣሁ። ባዶውን እንደሆነ ማብሪያውን ተጭኜ እስከ ሠላሳ ቆጠርኩ፤ አውራ ጣቴ እስከ ዛሬ ጠፍጣፋ ነው። ባትሪውን መልሼ ማብሪያውን ነካ ባደርገው፣ ብርሃኑ ጣሪያውን ሊቀደው ምንም አልቀረው። ሰፈሩ ሁሉ መብራት መጣ ብሎ ወጣ። ልጅቷ በሩን ከፍታ እግሬ ላይ ወደቀች። ከሰዓት አቀረበች፤ አለፈች።

እዚህ ድረስ ጽፌ ቀና ስል፣ ባለቤቴ ከኋላዬ ቆማ ስታነብ ኖሯል።

«በሩን የቆለፈችው እኮ ከውስጥ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ላፕቶፑን ይዛ የገባችው እሷ ናት። አንተ ኮሪደሩ ላይ ሆነህ ከበሩ ሥር ምክር ትሰጣት ነበር። አንተ በሩን ስለዘጋህባት ልጅቷ መውጫ አጣች።»

«እንዴ፣ ታዲያ ሠላሳውን ማን ቆጠረ?»

«እሷ ናታ። በአንተ ወሬ ቁጥሩ ደጋግሞ ጠፋባት። በመጨረሻ ‹አክስቴ፣ እባክሽ ትንሽ ዝም አሰኚልኝ› ስትለኝ ነው፣ ምሳህን ያለ ሰዓቱ ያቀረብኩልህ።»