በማርያም ዕለት የተገላበጠ ቡና

ሰባኪ ወልደአማኑኤል ውሸታም ሰው አልነበረም። ይህ አስቀድሞ ይነገርለት፤ ኋላ «እኔ ድሮም አውቀው ነበር» የሚል አይጠፋምና።

ከሸኮ ከተማ ወጣ ብሎ የቡና ማሳ ነበረው፤ እሑድ እሑድ ደግሞ በሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ይሰብካል። አጥር የሚጋራው ከተካ ጋር ነው። ተካ በሕፃንነቱ ከጎንደር በሰፈራ የመጣ ሰው ነው። አባቱ ቤተ እስራኤል መሆናቸውን ደብቀው፣ ማተብ አስረው ኖረው ሞቱ። ልጃቸው ግን አርባ ሲሞላው ማተቡን ፈታና ወደ ኦሪት ሕግ ተመለሰ።

ሁለቱ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ተከራክረዋል። አንዱ ያረደውን ሌላው ስለማይበላ በመካከላቸው የሚቀርበው ሁልጊዜ ቅቅል ጎደሬ ነው።

«መሲሑ መጣ ትላለህ» ይላል ተካ እየላጠ። «ኢሳይያስ ግን ያን ጊዜ ሰይፉ ማረሻ ይሆናል ነው ያለው። የታለ?»

«መጀመሪያ በትሕትና፣ ኋላ በክብር ነው የሚመጣው።»

«ሁለቴ እንደሚመጣ የት አነበብክ?»

«ሃምሳ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ስለ ሕማሙ ምን ይላል?»

«እሱማ እስራኤል ነው፤ የተሠቃየው ሕዝቡ ነው!»

እንዲህ ሲባባሉ ጎደሬው ያልቃል፤ የሚረታ ግን የለም።

እሸት ቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ ከተሰጣ በኋላ ቶሎ ቶሎ ካልተገላበጠ ይሻግታል። ቡና ሰንበት አያውቅም። ተካ ቅዳሜ እሳት እንኳ አይነካም፤ ወልደአማኑኤል እሑድና በዓል ቀን ሥራ አይሠራም። እናም ማንም ማንንም ሳይጠይቅ አንድ ልማድ ተፈጠረ። ቅዳሜ ወልደአማኑኤል አጥሩን ተሻግሮ የተካን ቡና ያገላብጣል፤ እሑድና በዓል ደግሞ ተካ የእሱን።

«በእኔ እጅ ሰንበትህን ትሽራለህ» ይለዋል ወልደአማኑኤል።

«ለምኜህ አውቃለሁ? ይልቅ እናንተ ቅዳሜም ሰንበት ነው ብላችሁ እያስተማራችሁ ትሠራላችሁ።» ይስቃሉ። መቼም ያ ሳቅ ደስ ይል ነበር።

ዘንድሮ ኅዳር ሃያ አንድ፣ የጽዮን ማርያም ዕለት፣ ወልደአማኑኤል ስለ በዓል አከባበር ሰበከ። የእመቤታችንን በዓል የሻረ በራሱ ላይ ብቻ ሳይሆን በመላው ሰፈር ላይ መዓት ይጠራል አለ። ሴቶቹ እልል አሉ። እሱ ይህን ሲናገር የገዛ ቡናው በተካ እጅ እየተገላበጠ ነበር። ያውቃል፤ ግን ስለለመደው ትዝም አላለው።

የዚያኑ ዕለት ማታ ያለ ወቅቱ ዝናብ ወረደ። ሦስት ቀን አላባራም። የሰፈሩ ቡና በሙሉ አልጋው ላይ እንዳለ ሻገተ። ከአማን ከተማ የመጣው ነጋዴ ጀይላን አንድ እፍኝ ዘገነ፣ አሸተተ፣ መልሶ ጣለው፣ መኪናው ውስጥ ገባ።

በአራተኛው ቀን አንድ ፎቶ ከስልክ ወደ ስልክ ዞረ። ይሄይስ የሚባል ጎረቤት ማርያም ዕለት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ያነሳው ነው፤ ተካ ጎንበስ ብሎ ቡና ያገላብጣል።

አሥር ሰዓት ላይ ወንዶቹ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተሰበሰቡ። ዝናቡ ቆሟል፤ ደመናው ግን አልሄደም። ሽማግሌው ቄስ «ዝናብ የእግዜር ነው፤ ልጆቼ፣ ወደየቤታችሁ ግቡ» አሉ። ከግቢው የወጣ ግን የለም። ወልደአማኑኤል ፈራ፤ ቄሱ ተናግረው የሚሰማቸው ሲያጡ አይቶ አያውቅም።

«ክርስቶስ አልመጣም የሚል ሰው ታቅፈን ኖርን» አለ ይሄይስ። «አንተው ነህ የነገርከን፣ ሰባኪ። የሚጠይቅህን ሁሉ።»

እውነት ነው። ክርክሩን ይዞት መድረክ ላይ ይወጣ ነበር። የተካን ጥያቄ ያቀርባል፣ መልሱን ራሱ ይሰጣል፣ እዚያ ደግሞ ሁልጊዜ ይረታል። ሰዉ መልሱን ረስቶ ጥያቄውን ብቻ ይዞ መቅረቱ ዛሬ ገና ገባው።

ይሄይስ ስልኩን ዘረጋለት። «አጥር ለአጥር ናችሁ። ይህ ቡና የማነው?»

አየው። አልጋው የራሱ ነው፤ ሽቦውን ያሰረበት ሰማያዊ ገመድ ሳይቀር ይታያል። «የእኔ ነው» ማለት ምን ያህል ቃል ነው? ግን ከእንግዲህ ምን ብሎ ይሰብካል? ሚስቱ ውድነሽስ ከሰው ፊት እንዴት ትቆማለች? አርባ ወንድ አፉን አፉን ያየዋል። ግማሾቹ ገጀራ ይዘዋል፤ ከማሳ ስለመጡ ነው፣ ሌላ አይደለም ብሎ ራሱን አጽናና።

«የተካ ነው» አለ።

በሐሰት አትመስክር የሚለው ሕግ በሁለቱም ዘንድ አለ። በአሥራ ሁለት ዓመት አንድ ቀን እንኳ ተከራክረውበት አያውቁም።

ቄሱ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው «በመድኃኔዓለም!» ብለው ተነሡ። ሰዉ ግን ቀድሟቸው ተነሥቶ ነበር።

«ልናነጋግረው ብቻ ነው» አለ ይሄይስ። «እኛ ብንጠራው አይከፍትም። አንተ ትጠራዋለህ።»

ወረዱ። የሻገተ ቡና ሽታ መንገዱን ሞልቶታል። ወልደአማኑኤል ከፊት ነው፤ እንዴት ከፊት እንደሆነ አያውቅም። በራሱ ደጅ ሲያልፉ ውድነሽ ቆማ አየችው። የማን ቡና እንደነበር ታውቃለች። እዚህ ላይ መቆም ይችል ነበር፣ ዞሮ መናገር ይችል ነበር። አፈረ። ከሞት ይልቅ ሐፍረትን ፈራና አለፈ።

የተካ በር ተዘግቷል። ውሻው ወልደአማኑኤልን ስለሚያውቀው አልጮኸም። ከኋላው የነበሩት በግድግዳው ጥግ ጥግ ተለጠፉ።

አንኳኳ።

«ማነው?» አለች የተካ ሚስት ማሚት በሩን ሳትከፍት። ወሬው ደርሷቸዋል ማለት ነው።

«እኔ ነኝ። ወልደአማኑኤል።»

«ተመስገን!» አለች ማሚት ከውስጥ። «ተካ፣ እሱ ነው። እሱ መጣልን።»

መወርወሪያው ሲከፈት ተሰማ።