የግራው ጥግ

እትዬ ማጉያ ሰው ስጦታ ሲሰጣቸው መጀመሪያ የሚያዩት የሰጪውን ፊት ነው። ስጦታው የትም አይሄድም፤ ፊት ግን ቶሎ ይለዋወጣል። ያን ዕለት አማቻቸው ትንሿን ካርቶን የሥራ ጠረጴዛቸው ላይ ሲያስቀምጥ ቀና ብለው አዩት፤ ፈገግ ብሏል። ልጃቸውን አዩዋት፤ እሷ ደግሞ መስኮቱን ታያለች። በቃ፣ ነገር አለ ማለት ነው።

እውነተኛ ስማቸው ሌላ ነው። ሰፈሩ እትዬ ማጉያ ያላቸው አንገታቸው ላይ በክር ከምትንጠለጠለው ማጉያ መነጽር የተነሳ ነው። ፎቶ ቤቱን ከባላቸው ጋር ከፍተው፣ ባላቸው ካረፉም በኋላ ብቻቸውን ያቆዩት እሳቸው ናቸው። ከዚያ ቤት የሚወጣ ፎቶ ሁሉ ጀርባው ላይ፣ ታች ጥጉ ጋ፣ በእርሳስ የተደረገች አንዲት ነጥብ አለችው። ነጥቧ «አይቼዋለሁ፣ ይውጣ» ማለት ናት። ነጥብ የሌለው ፎቶ፣ ሙሽራዋ ራሷ መጥታ በር ላይ ብታለቅስ አይወጣም።

አስተያየታቸውም የራሱ ሥርዓት ነበረው። ሰፊ ፎቶ ሲዘረጋ ጠረጴዛው መሃል ላይ ይቆማሉ፤ ወደ ቀኝ ሲያጎነብሱ ማጉያዋን ቀኝ ዓይናቸው ላይ፣ ወደ ግራ ሲያጎነብሱ ግራ ዓይናቸው ላይ ያደርጓታል። «ሁለት ዓይን የተሰጠን አንዱ ሲሠራ ሌላው እንዲያርፍ ነው» ይላሉ። ከወጣትነታቸው ጀምሮ እንዲህ ነው።

«ካሜራ ነው፣ እትዬ» አለ አማቹ ካርቶኑን እየከፈተ። «ኪስ ውስጥ ይገባል። ለጉልበትዎ ብለን ነው።»

ጉልበታቸውን ሐኪም ቀዶ ካከመው ወዲህ ትልቁን ካሜራና የብረት ማቆሚያውን ተሸክሞ ኮረብታ መውጣት ቀርቷል፤ ይህ እውነት ነው። አዲሱ ሆቴል ከሊፍቱ ትይዩ ላለው ግድግዳ የከተማውን ዙሪያ ገባ የሚያሳይ፣ አንድ ሜትር የሚሆን ፎቶ ይፈልጋል፤ ይህም እውነት ነው። ግን እኮ ያን ፎቶ እትዬ ማጉያ ገና ጉልበታቸው ሳይነካ አንስተው፣ አጥበው፣ ነጥባቸውን አድርገው ልከውት ነበር። ልጃቸው ናት ከሳምንታት በኋላ መጥታ «ሐሳባቸውን ቀየሩ፤ ከግድቡ ወገን ያለውን እይታ ነው የፈለጉት» ያለቻቸው። ሐሳብ የሚቀይር ሆቴል የት ታይቶ ያውቃል? ሆቴል የሚቀይረው አንሶላ ነው።

አማቹ በዚያው ሆቴል የሊፍት ጥገና ሠራተኛ ነው። ትዕዛዙን ያመጣውም፣ የሐሳብ ለውጡን ወሬ ያመጣውም እሱ ነው፤ አሁን ደግሞ ካሜራውን። እትዬ ማጉያ ከሠርጉ ጀምሮ አልወደዱለትም። «ቀኑን ሙሉ ሽቅብና ቁልቁል ሲል የሚውል ሰው ስለ አግድሙ ምን ያውቃል?» ይላሉ፣ እሱ በሌለበትም ባለበትም።

«ከየት ገዙት፣ እርስዎ?» አሉት። አማቻቸውን ሲጠረጥሩ አንቱ ይሉታል። አንተ የተባለባቸው ቀናት ጥቂት ናቸው።

«ከሱቅ ነዋ። አዲስ ነው።»

«አዲስማ ይመስላል። ላዩን አየነው፤ ውስጡን ለቄስ።»

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እትዬ ማጉያ ደግሞ ለመመንጠር የተፈጠሩ ሴት አይደሉም። ነገሩን ከወራት በፊት ጀምሮ ሲያሸቱት ቆይተዋል። ባልና ሚስት ወጥ ቤት ሆነው ይንሾካሾካሉ፤ እሳቸው ሲገቡ ስለ ቧንቧው ማውራት ይጀምራሉ። ቧንቧውን ሄደው ከፍተው አዩት፤ ምንም አልሆነም። ልጅቱ ደግሞ እሳቸው ነጥብ ያደረጉባቸውን የጉርድ ፎቶዎች ሰብስባ «ፖስታ ውስጥ ልክተታቸው» እያለች ወደ ጓዳ ትወስዳለች። ፖስታ ውስጥ ለመክተት ይህን ያህል ይቆያል? የወረቀት ነጋዴውም ቢሆን ሰሞኑን እርጥበት የነካው ወረቀት እየሸጠላቸው ነው፤ ፊት ለፊት ነግረውት ተኳርፈዋል። ከጠረጴዛው በስተግራ ያለው አምፖል እንኳን አሲሮባቸው ይደበዝዛል፤ ቢያስቀይሩትም አልተሻለውም።

አሁን ሁሉም ገባቸው። ይህ መጫወቻ መልከ ጥፉ ፎቶ ያወጣል፤ ሆቴሉ አይሆንም ይላል፤ ከዚያ «እማዬ ደክመሻል፣ አሁንስ ረፍት ውሰጂ» ይሏቸዋል፤ የፎቶ ቤቱ ቁልፍም በዚያው ከእጃቸው ይወጣል። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት አሉ። ከዚያ ቁልፍ ሌላ እትዬ ማጉያ የሚነሱበትም የሚተኙበትም ነገር አልነበራቸውም። ፈርተው ነበር፤ ፍርሃታቸውን ግን ለማንም አላሳዩም።

ቅዳሜ ጠዋት አማቹ በመኪናው ኮረብታው አፋፍ ድረስ ወሰዳቸው። እትዬ ማጉያ ካሜራዋን ማቆሚያው ላይ አሰሩና ራቅ ብለው አዩዋት። ግዙፉ ማቆሚያ ላይ ተቀምጣ የትልቅ ሰው ወንበር ላይ የወጣች ሕፃን ትመስላለች።

«ዓይን የሚያስጠጉበት ቀዳዳው የታለ?»

«የለውም፣ እትዬ። ከኋላ ባለው ስክሪን ነው የሚታየው።»

በትልቁ ካሜራ ግራ ዓይናቸውን ቀዳዳው ላይ አስጠግተው፣ ሌንሱን በጣታቸው ቀስ እያሉ አዙረው፣ ተራራው ጥርት ሲል ይሰማቸው ነበር። ይህችኛዋ ማንንም ሳትጠይቅ ሸንተረሩ ላይ አረንጓዴ አራት ማዕዘን አደረገችና ጢጥ አለች። አጥርቻለሁ ማለቷ ነው።

«ማን ጠየቀሽ?» አሏት እትዬ ማጉያ።

ቢሆንም ሥራ ሥራ ነው። ፀሐይዋ ገና ከጎን ናት፤ የግድቡ ውኃ ብርማ ሆኗል፤ ከግድቡ ማዶ ያሉት የቆርቆሮ ጣሪያዎች አንድ በአንድ ጥላ ጥለዋል። ካሜራዋ ለብርሃን ያላትን ስሜት እስከ መጨረሻው ዝቅ አደረጉት፤ ፎቶው እንዳይሻክር። እጃቸው እንዳያንቀጠቅጣት ቆጥራ በራሷ እንድታነሳ አዘዟትና ወደ ኋላ አሉ። ደጋግመው አነሱ። አማቹ መኪናውን ተደግፎ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ዝም የሚል ሰው ደግሞ እትዬ ማጉያ አይወዱም።

ከሰዓት በኋላ አንድ ሜትሩ ፎቶ ታትሞ ጠረጴዛው ላይ ተዘረጋ። ልጅቱ በአንድ ወገን፣ ባሏ በሌላው ወገን ቆሙ። እትዬ ማጉያ መሃል ላይ ቆመው ወደ ቀኝ አጎነበሱ።

ልባቸው ደነገጠ። የጣሪያዎቹ ምስማሮች ይቆጠራሉ። የኤሌክትሪክ ሽቦው ላይ የተቀመጠች ወፍ ጅራቷ ሳይቀር ይታያል። ኪስ ውስጥ ከምትገባ ካሜራ ይህን አልጠበቁም ነበር። መሃሉን አዩ፤ ሸለቆውን በጥላው ወገን ሲያልፉት ትንሽ ቆም አሉና ምንም ሳይናገሩ ቀጠሉ። ከዚያ ወደ ግራ አጎነበሱ።

ግራው ጭጋግ ነው። ጣሪያ ከጣሪያ አይለይም፤ ጫፉ ላይ ያለው ቤት ድስት ሲፈላ በእንፋሎት መሃል የታየ ይመስላል። እትዬ ማጉያ ቀና አሉ፤ ከወራት ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሏቸው አያውቅም።

«ይህ ካሜራ ወድቆ የተነሳ ነው።»

«እንዴት፣ እትዬ?»

«ሲወድቅ ሌንሱ ከቦታው ሸርተት ይላል፤ ሸርተት ያለ ሌንስ አንዱን ወገን አጥርቶ አንዱን ያደበዝዛል። ቀኙ ምስማር ያስቆጥራል፤ ግራው ሾርባ ነው። አዲስ ነው ብለው የወደቀ አመጡልኝ፣ እርስዎ።»

ልጅቱ ማጉያውን ተቀብላ ግራውን አየች። «እማዬ፣ ለእኔ ጥርት ብሎ ነው የሚታየኝ።»

«ለባልሽ ብለሽ ነው።»

«ኧረ እውነቴን ነው።»

«ይህ ጥግ ካልደበዘዘ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!»

ልጅቱ ክው አለች። «እማዬ፣ እንደሱ አትበይ» አለችና ባሏን አየችው። ያች አስተያየት ከእትዬ ማጉያ አላመለጠችም።

«ጥፋቱ የኔ ይሁን፣ እትዬ» አለ አማቹ። «ልመልሰውና ሌላ ላምጣ።»

ይሄ ደግሞ ይብስ አስጠረጠራቸው። ንጹሕ ሰው እንዲህ ቶሎ እጅ አይሰጥም። «የትም አይሄድም» አሉ። «ነገሩ እዚሁ ይፈረዳል። ኋላ አምፖሉ ነው፣ ጠረጴዛው ነው እንዳትሉኝ ፎቶውን አዞረዋለሁ። ጭጋጉ ከካሜራው ከሆነ፣ ፎቶው ሲዞር አብሮ ዞሮ ወደ ቀኝ ይመጣል። ያኔ ምን እንደምትሉኝ አያለሁ።»

በገዛ እጃቸው፣ ማንንም ሳያስነኩ፣ ፎቶውን አዞሩት። ሰማዩ ወደ ታች፣ ውኃው ወደ ላይ ሆነ። ወደ ቀኝ አጎነበሱ፤ የፈረዱበትን ጥግ ማጉያው ውስጥ አስገቡት።

አንዲት ሴት ጣሪያዋ ሥር ልብስ ታሰጣለች። ተገልብጣ ነው የምትታየው፤ ግን ጥርት ብላለች። ገመዱ ይታያል። የልብስ መቆንጠጫዎቹም ይታያሉ።

እትዬ ማጉያ ወደ ግራ ሄዱ። ቅድም ምስማሩ የተቆጠረበት ጣሪያ፣ ወፏ የተቀመጠችበት ሽቦ፣ ሁሉም ጭጋግ ውስጥ ገብቷል። መጀመሪያ የመጣላቸው ሐሳብ ወረቀቱን ለውጠውብኛል የሚል ነበር። ግን ያዞረው የራሳቸው እጅ ነው፤ እጃቸው ደግሞ ከወረቀቱ አልተነሳም። አምፖሉን አዩት፤ ቦግ ብሎ ይበራል። ሌላ የሚጠረጠር ፈለጉ። ክፍሉ ውስጥ የቀረ አልነበረም።

ማጉያዋን ከግራ ዓይናቸው ወደ ቀኝ ዓይናቸው አዛወሯት። ወፏ ከነጅራቷ ተመለሰች። ወደ ግራ መለሷት። ወፏ ጠፋች።

ወንበሩን ስበው ተቀመጡ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቁት?» አሉ።

ልጅቱ እንባዋ መጣ። «የሆቴሉ ፎቶ ሲመለስ ነው ያወቅነው።»

«ተመልሷል?»

«ሐሳብ ቀየሩ ያልኩሽ ውሸቴን ነው። ደብዝዟል ብለው መለሱት። እሱ ነው ጠቅልሎ ያመጣው። ቀደም ብዬ ዓይንሽን ተመርመሪ ብልሽ ሳምንት ሙሉ አኮረፍሽኝ፤ እንዴት ልንገርሽ? ለዚህ ነው በራሱ የሚያጠራ ካሜራ ብንገዛላት ያልነው።»

«አምጡት።»

አማቹ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ የተጠቀለለውን ፎቶ አወጣና አዲሱ ላይ ዘረጋው። እትዬ ማጉያ በቀኝ ዓይናቸው ብቻ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ አዩት። አንድም ምስማር የለም። ግራ ዓይናቸውን ቀዳዳው ላይ አስጠግተው፣ ሌንሱን በጣታቸው አዙረው፣ ጥርት ሲል የተሰማቸው ተራራ ይሄ ነው። ያኔ ቀኙም ፈዞ ሲታያቸው የወረቀቱ እርጥበት ነው ብለው አልፈውት ነበር። ገለበጡት። ታች ጥጉ ላይ ነጥቧ አለች። አይቼዋለሁ፣ ይውጣ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል ነበር፤ ዓይንም ለካ እንደዚያው ነው። እትዬ ማጉያ አፈሩ። የወረቀት ነጋዴው ትዝ አላቸው፤ ልጅቱ ጓዳ ይዛ የምትቆይባቸው የጉርድ ፎቶዎችም ትዝ አሏቸው።

«የሰዎቹንም ፎቶ ደግመሽ ታዪው ነበር?»

«ያልጠራውን ደግሜ አጥበው ነበር።»

ነጥቧን በአውራ ጣታቸው ፈተጓት። እርሳስ ነውና ተዝረከረከች እንጂ አልጠፋችም።

«የዓይን ሞራ ሳይሆን አይቀርም፣ እማዬ» አለች ልጅቱ። «ይገፈፋል እኮ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ ሐኪም አንዴ ይየው።»

እትዬ ማጉያ አሮጌውን ፎቶ ጠቅልለው አነሱና አዲሱን አቃንተው ዘረጉት። ከዚያ ማጉያዋን ከአንገታቸው አወጡ። ያን ክር ከአንገታቸው ሲያወጡት ልጃቸው አይታ አታውቅም።

«እንቺ። አንቺ ፍረጂ። ይውጣ ወይስ አይውጣ?»

ልጅቱ አጎነበሰች። ቀኙን አየች፤ ግራውን አየች፤ መሃሉ ላይ ቆየች። እትዬ ማጉያ ወንበራቸው ላይ ሆነው ፊቷን ያያሉ። ያን ሁሉ ዓመት በር ላይ ቆመው ነጥብ የጠበቁ ሰዎች ምን ይሰማቸው እንደነበር ያን ጊዜ ገባቸው።

«ደህና ነው» አለች ልጅቱ።

እናትየው ዓይናቸውን ከፊቷ አላነሱም።

«ግን...» ልጅቱ ባሏን ልታይ ብላ ተወችው። «ግን ሸለቆው፣ ጥላው ውስጥ ያለው፣ ሻክሯል። አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። ካሜራው ትንሽ ስለሆነ ጨለማ ሲሆንበት አይችልም። ለአንድ ሜትር፣ ግድግዳ ላይ ሆኖ፣ ይበቃል። ከዚህ አንድ ክንድ ቢሰፋ ግን ያሳፍረናል።»

እትዬ ማጉያ ትንፋሻቸውን ለቀቁ። ሸለቆውን መጀመሪያ ሲያልፉት በደህናው ዓይናቸው አይተውት ነበር። ያልተናገሩት ልጃቸው ትደብቅብኝ እንደሆነ ልይ ብለው ነው።

«ነጥቧን አድርጊበት» አሉ። ከዚያ ወደ አማቻቸው ዞሩ። ሰውየው ካሜራዋን በሁለት እጁ ይዞ፣ የሚመልሳት ይሁን የሚያስቀምጣት ሳያውቅ ቆሟል።

«አስቀምጣት» አሉት። «ሰኞ ሐኪም ቤት የምትወስደኝ አንተ ነህ። በመንገድ ላይ ወረቀት ነጋዴው ጋ ታቆምልኛለህ፤ ይቅርታ የምለው ነገር አለኝ። ላንተም አለኝ፤ እሱን መኪና ውስጥ እነግርሃለሁ።»

«እሺ፣ እትዬ» አለ።

ልጅቱ ፎቶውን ገልብጣ ታች ጥጉ ላይ ነጥብ አደረገች። እትዬ ማጉያ ጠጋ ብለው በቀኝ ዓይናቸው አዩዋት። ነጥቧ ትንሽ ወፈር ብላለች፤ ግን ዝም አሉ።