ባለ ሦስት እጅጌው ሸሚዝ

በረኛው የሚሉት ጓደኞቹ ናቸው፤ ኳስ ግን ነክቶ አያውቅም። ሩቅ ቦታ ኮምፒውተር ተከራይቶ የስም አልባው መረብ በር ጠባቂ ስለሆነ ነው። መረቡ እንዲህ ነው፦ ሰው ማንነቱ እንዳይታወቅ ሲፈልግ መልእክቱ በብዙ በጎ ፈቃደኞች ኮምፒውተር ሲዞር ሲዞር ይቆይና በመጨረሻው በር ይወጣል። ከእነዚያ የመጨረሻ በሮች አንዱ የሱ ነው። ከውጭ ለሚያየው ታዲያ ደጉም ክፉውም ከሱ ደጃፍ የወጣ ይመስላል።

«የታፈነ ሰው የሚተነፍሰው በኔ በኩል ነው» እያለ ደረቱን ይነፋል። እውነቱንም ነው። ግን በዚያው በር ተሳዳቢውም አጭበርባሪውም ይወጣል፣ የተበደለው ሰው ደግሞ አቤት የሚለው ለበረኛው ነው። እሱ እቴ፣ አቤቱታ ሲያይ ራሱን ያመዋል። ስለዚህ ትምህርት ጨርሳ ቤት የተቀመጠች እህቱን፣ ሚጢን፣ የአቤቱታ ክፍል ኃላፊ ብሎ ሾማት። ክፍሉ የአልጋው ጫፍ ነው። ሥራው ደግሞ አንድ የተዘጋጀ መልስ ለሁሉም መለጠፍ፦ «ውድ አመልካች፣ ማን እንዳደረገው አናውቅም፤ ማወቅም አንችልም። አይጥ በበላ ዳዋ አይመታም። ከሰላምታ ጋር።» ተረቱን የጨመረችው ሚጢ ናት። ብርጭቆ ሰብራ ስትያዝ ሁሌ የምትለው ነው፤ በደብዳቤ ላይ ሲያምርባት ጊዜ በጣም ኮራች።

እናታቸው ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት ክፍሏን ከበረኛው መኝታ የሚለየው አንድ ስስ ግድግዳ ነው፤ የስፌት መኪናው ቀኑን ሙሉ ሲንቀጫቀጭ ሁለቱ ልጆች ሥራችንን ረበሽሽን ይሏታል። ሰሞኑን ግን መኪናው ዝም ብሏል። ደንበኞች በኢንተርኔት ቀጠሮ የሚይዙበት፣ ከአንድ ድርጅት የተከራየችው ገጿ ሙሉ ነው ይላል፣ ሰው ግን አይመጣም። አንዲት የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ዩኒፎርም ላሰፋ ብል ቦታ አጣሁ፣ እስከ አርብ ካላገኘሁ ሌላ ሰፊ ጋ እሄዳለሁ ብላ ደውላለች። እናትየው ለልጇ ብትነግረው፣ ስልክሽን አጥፍተሽ አብሪው አላት። ግድግዳው ላይ ደግሞ ባለ ሦስት እጅጌ ሸሚዝ ተሰቅሏል። ሚጢ አይታው በሳቅ ፈርሳ ነበር። እናቷ ግን ደንበኛ ያዘዘውን መስፋት ነው እንጂ እጁን መቁጠር የኔ ሥራ አይደለም ብላ ዘጋቻት።

በዚያው ሰሞን አንድ አመልካች ሙጭጭ አለ። ሚጢ የመጀመሪያዋን መስመር አየችና ለጠፈችለት። ደግሞ ጻፈ። ይሄኛው ስም እንኳን የለውም ብላ ለወንድሟ ነገረችው። በረኛው፣ ያ የስም አልባዎች ጠበቃ፣ ቀና ሳይል ስሙን የማይገልጽ አቤቱታ አንቀበልም በይው አላት። አለችው።

ሦስተኛው ሲመጣ ሚጢ የስድቡን መጨረሻ ለማየት ብላ እስከ ታች አነበበች። ስድብ የለውም።

«በውሸት ስም ቀጠሮዬን እየሞሉ እንጀራዬን ዘጉብኝ፣ አስቁሙልኝ» ይላል። «የገጹ ባለቤቶች፣ የሚመጣው ከእናንተ በር ነው ብለው ወደ እናንተ ላኩኝ። መቀለጃ መሆኔ የገባኝ ባለ ሦስት እጅጌውን ሸሚዝ ሰፍቼ ከጨረስኩ በኋላ ነው። ስሜን ያልጻፍኩት ልጄ ኢንተርኔት ላይ ስም አይሰጥም ብሎ ስለመከረኝ ነው።»

ሚጢ ወደ ስሱ ግድግዳ ዞር ብላ አየች። ላፕቶፑን ወደ ወንድሟ አዞረችው። አነበበ። ጆሮው ቀላ።

«ማን እንደሆነ ማወቅ አልችልም እኮ» አለ በሹክሹክታ።

«ማን ጠየቀህ? አስቁሙልኝ ነው ያለችው። ትችላለህ አትችልም?»

አንገቱን አከከ። ይችላል። ማንንም ሳይሰልል፣ የማንንም ስም ሳይጠይቅ፣ በሩ ወደዚያ ገጽ እንዳያስወጣ መዝጋት ይችላል። ለገጹ ባለቤቶችም፣ በመረቡ በሮች የመጣውን ቀጠሮ እንዲሰርዙ፣ ከእንግዲህም በስልክ ሳያረጋግጡ እንዳይቀበሉ መጻፍ ይችላል። ስንት ጊዜ አይቻልም ያለውን ነገር ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ጨረሰው። ሚጢ ደግሞ ከሰላምታ ጋር ብላ የሸኘቻቸውን የድሮ አቤቱታዎች ከፍታ ማንበብ ጀመረች። አንዱም አጭር አልነበረም።

አርብ ጠዋት መኪናው ተንቀጫቀጨ። ረበሽሽን ያላት የለም። ምሳ ላይ እናትየው ዳይሬክተሯ መጥታ ልኬት እንደሰጠች ነገረቻቸውና ስልኳን ከፍታ አዲሱን መልስ አነበበችላቸው፤ ይቅርታም ነበረበት።

«ይኸው እናት ያለው ሰው መለሰልኝ» አለች። «ያንን ዳዋ ምናምን የሚለውን ግን ባገኘው፣ አንገቱን በዚህ ሜትር ነበር የምለካው።»

ሚጢ ውሃ ትን አላት።

«ማወቅ አይቻልም እማዬ» አለ በረኛው ሳህኑን እያየ። «ስም የለውማ።»

እናትየው ሁለቱንም በየተራ አየቻቸው። ተነስታ ሄደችና ሸሚዙን ከግድግዳው አውርዳ መጣች።

«ና እስቲ አባቴ፣ ልበሰው» አለችው። «ሦስተኛውን እጅ ሚጢ ታበድርሃለች።»