ኳስ የሌለበት ፊልም

ቅዳሜ ምሳ ሰዓት ሲቃረብ ሙደሲር የአንዲት ደንበኛውን ፍላሽ ከኮምፒውተሩ እየነቀለ ስለ ፍቅር ፊልሞች ፍርዱን ይሰጥ ነበር። በእሱ አስተያየት የፍቅር ፊልም ሁሉ ችግሩ አንድ ነው፤ ሁለቱ ሰዎች መጀመሪያውኑ ስልክ ቢደዋወሉ ፊልሙ በአስር ደቂቃ ያልቃል። ኮሜዲውም ቢሆን ግማሹ ጩኸት ነው። የስፖርት ፊልም ግን ሰውን ከወደቀበት ያነሳል፣ አለ ጣቱን ቀስሮ። ባንኮኒውን የተደገፉት ሦስት ደንበኞች ሳቁ። ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ወዳለችው ጠባብ ሱቁ ፊልም ሊያስጭን የሚመጣው ሰው እየቀነሰ ቢሄድም፣ የቀሩት የሚመጡት ለፊልሙ ብቻ ሳይሆን ለወሬውም ነው።

እትዬ የሺዓለም ሲገቡ ግን ወሬው ቆመ። እትዬ የሺዓለም ቅዳሜ ቅዳሜ ለልጃቸው ለዓብይ ሁለት ሁለት ፊልም ያስጭናሉ። ዓብይ በረኛ ነበር። ከአራት ዓመት በፊት የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ፤ ሁለት ጊዜ ቀዶ ጥገና ቢደረግለትም አልሆነለትም፤ ከዚያ ወዲህ ከቤት መውጣት ትቷል። እናትየው ልጃቸው ሲስቅ የሚሰሙት ከምሳ በኋላ አብረው ፊልም ሲያዩ ብቻ ነው። ስለዚህ ትእዛዛቸው ተለውጦ አያውቅም፤ የሚያስቅ ይሁን፣ ኳስ የሌለበት።

ዛሬ ፍላሹን ከመሀረባቸው ፈትተው ባንኮኒው ላይ አስቀመጡት።

"ውስጡ ያለውን ሁሉ አጥፋልኝ፣ ልጄ። እኛ ቤት ፊልም ማየት ቀርቷል።"

"ምነው እትዬ? አላሳቀውም?"

እትዬ የሺዓለም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሩት። ሁለቱ ኮሜዲዎች ሲያልቁ እሳቸው የማያውቁት ሦስተኛ ፊልም መጣ። እግሩ የተጎዳ በረኛ ነው፤ ሰው ሁሉ ተስፋ ቆርጦበት ሳለ ተነስቶ በመጨረሻው ደቂቃ ፍፁም ቅጣት ምት ያድናል፤ ስታዲየሙ በጭብጨባ ይናጋል። ዓብይ እስከ መጨረሻው አየና ቴሌቪዥኑን አጠፋው። "አሁን ገባኝ፤ ተኝተህ ቀረህ፣ ተነስ ነው የምትይኝ" ብሎ ክፍሉን ዘጋ። ዛሬ ስድስተኛ ቀኑ ነው። በሩ ላይ ያስቀመጡለትን ይበላል፤ ለእናቱ ግን አንዲት ቃል አይተነፍስም።

"ጥፋቱ የኔ ነው መቼም" አሉ። "እርጅና ነው፤ ኳስ የሌለበት ማለቱን ረስቼው ይሆናል።"

አልረሱም። ሙደሲር ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ለጥሩ ደንበኛ አንድ ፊልም በምርቃት መጨመር የሱቁ ልማድ ነው፤ ሌላ ጊዜ ምን እንደጨመረ ይናገራል፣ ባለፈው ቅዳሜ ግን ሆን ብሎ ሳይነግራቸው ጨመረ። ፊልሙን ስድስት ጊዜ አይቶ ስድስት ጊዜ አልቅሶበታል። ዓብይም አይቶት ብድግ ሲል፣ እትዬ የሺዓለምም መጥተው ሲያመሰግኑት በሐሳቡ ታይቶት ነበር። አሁን እንደዚያ በማሰቡ አፈረ። ኮምፒውተሩ ተሳስቶ ነው የሚለው ቃል አፉ ላይ ደርሶ ነበር፤ የሴትየዋን ፊት ሲያይ አቃተው።

"እርስዎ አልረሱም፣ እትዬ። እኔ ነኝ የጨመርኩት። አውቄ ነው።"

እትዬ የሺዓለም አልተቆጡም፤ ቢቆጡት በተሻለው ነበር።

"ታዲያ ይሄን ለኔ ብትነግረኝ ምን ዋጋ አለው? እኔን እንደሆነ አያምነኝም።"

የሙደሲር ገበያ ቅዳሜ ነው። ሦስቱን ደንበኞች ከሰዓት ተመለሱ ብሎ ለምኖ፣ የሱቁን መዝጊያ አውርዶ ተከተላቸው። እስከ ውቤ በረሃ ያለውን ዳገት ወጡ። ቤታቸው በአንድ ሰፊ ግቢ ጥግ ያለ ሁለት ክፍል ነው። እትዬ የሺዓለም የተዘጋውን የውስጥ በር በዓይናቸው አሳዩት።

"ዓብይ፣ ፊልም የሚጭነው ሙደሲር ነኝ" አለ በሩን አንኳኩቶ። "ያን ፊልም እናትህ አላስጫኑም። እሳቸው ኳስ የሌለበት ነው ያሉኝ። እኔ ነኝ ሳልነግራቸው የጨመርኩት። ያበረታሃል ብዬ ነው። ይቅርታ አድርግልኝ።"

ሊሄድ ሲል፣ "ስንት ጊዜ አየኸው?" የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ።

"ስድስት ጊዜ።"

"ፍፁም ቅጣት ምቱን መትቶ የተያዘበት ልጅ ቤቱ ሲገባ ምን ሆነ?"

ሙደሲር መልስ ፈለገ። ፊልሙ ውስጥ አሰልጣኙ የሚናገራቸው ማለፊያ ማለፊያ ቃላት ነበሩ፤ ሁሉንም በቃሉ ያውቃቸዋል። አንዳቸውም አልሆኑለትም።

"አላውቅም" አለ። "አንድም ቀን አስቤው አላውቅም።"

ቁልፉ ዞረ። ዓብይ ጢሙ አድጎ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ሙደሲርን አላየውም፤ ያየው ከኋላ የቆሙትን እናቱን ነው።

"እማዬ፣ ምሳ በልተሻል?"

እትዬ የሺዓለም ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አልበሉም። በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ይዘው ወደ ማጀት ገቡ።

"ከገባህ ግባ" አለው ዓብይ ሙደሲርን። "ስለ ፊልም ግን እንዳታወራኝ።"

የሙደሲር ስልክ ኪሱ ውስጥ ጮኸ፤ ሱቁን ተዘግቶ ያገኘው ደንበኛ ነው። ሙደሲር ስልኩን አጠፋው። ስለ ፊልም ካላወራ ስለ ምን እንደሚያወራ አላወቀም። ጫማውን አውልቆ ገባ።